«ሚስቴ ካውንስሊንግ እንሂድ አለችኝ፣ እኔ ግን ገበናዬን ለማላውቀው ሰው ማውራት አልዋጥልኝ አለ»

ሰላም እህታችን፣ እንዴት ነሽ። የምትጽፊውን ሁሌም አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ሀዋሳ ነው፣ 39 አመቴ ነው፣ መናኸሪያ አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። ከተጋባን 11 አመታችን ነው፣ የ9 አመት ሴት ልጅና የ5 አመት ወንድ ልጅ አለን።

ነገሩ የጀመረው ታናሽ ወንድሜ አይሱዙ ሊገዛ ሲበደር ዋስ የሆንኩለት ጊዜ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እምቢ እንደምትለኝ ስለማውቅ። መኪናው ተገለበጠ፣ ወንድሜ መክፈል አቃተው፣ ዕዳው ዞሮ እኔ ላይ መጣ። ቤት እንሰራበታለን ብለን ካስቀመጥነው ላይ 460 ሺህ ብር አውጥቼ ከፈልኩ። እሱንም አልነገርኳትም፣ ቀስ ብዬ እተካዋለሁ ብዬ። አንድ ቀን የባንክ ደብዳቤ ቤት ድረስ መጣና እሷ ተቀበለችው፣ በቃ።

ይሄው ሰባተኛ ወራችን ነው። መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ጭቅጭቅ ነበር፣ እሷ ትናገራለች እኔ ዝም እላለሁ፣ ሲብስብኝ ተነስቼ ሱቅ እሄዳለሁ። አሁን ጭቅጭቁም ቀርቷል። የምንነጋገረው በልጃችን በኩል ነው፣ «ባባ፣ የጊቢው ቁልፍ የት ነው ትላለች ማሚ»፣ «ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በይው»፣ እንደዚህ። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ድሮ እሁድ እሁድ አራታችንም አሞራ ገደል ሄደን አሳ እንበላ ነበር፣ አሁን ልጆቹን ብቻዬን ነው የምወስዳቸው። ታህሳስ 19 ለገብርኤል ከሻሸመኔም ከአዲስ አበባም እንግዳ መጥቶብን ነበር፣ ሰው ፊት ተጎራረስን፣ ሳቅን፣ እንግዳው ሲሸኝ እሷ ወደ መኝታ ቤት እኔ ወደ ሶፋ።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገብቷል። የኔ የክርስትና አባትና የሷ አጎት ናቸው፣ የተከበሩ ሰዎች። ሁለቴም ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን ተነሳን፣ ሁለቴም ሁለት ሳምንት አልቆየም። አሁን እሷ ለባልና ሚስት ካውንስሊንግ የምትሰጥ ሴት ሳይኮሎጂስት አግኝቻለሁ እንሂድ፣ ካልሆነ እኔ እንዲህ መኖር አልችልም አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ አልዋጥልኝ አለ። ገበናዬን ለማላውቀው ሰው ዘርግፌ ጭራሽ ልከፍልበት? ሀዋሳ ደሞ ትንሽ ከተማ ናት፣ ማን ከማን እንደሚተዋወቅ አታውቂም። ሁለት ሴቶች ሆነው ቢፈርዱብኝስ? አንዳንዴ ደሞ ለፍቺ መንገድ እየጠረገች ይመስለኛል። ሽማግሌ ያልፈታውን እኛን የማታውቅ ሴት እንዴት ትፈታዋለች? ምን ትይኛለሽ።

ግራ የገባኝ፣ ከሀዋሳ

………

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለቴም ጉርሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሰው ፊት ተጎራርሶ፣ በሩ ሲዘጋ ደሞ አንዱ ወደ ሶፋ አንዷ ወደ መኝታ ቤት። ሰባት ወር እንዲህ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም እያሰብኩ ነበር፣ ላንተም ለሷም። ዝም ማለት የለመደ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄን ሁሉ መጻፉ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ።

ለፍቺ መንገድ እየጠረገች ይሆን ካልከው ልጀምር፣ ምክንያቱም እንቅልፍ የነሳህ እሱ ይመስለኛል። ልቧ ውስጥ ገብቼ ማየት አልችልም። ግን እስቲ አስበው፣ የቆረጠላት ሰው አጠያይቃ ባለሙያ ፈልጋ፣ አድራሻ ይዛ መጥታ እንሂድ ትላለች? ብዙ ጊዜ አትልም። «እንዲህ መኖር አልችልም» ስትልህ ካንተ ጋር ማለቷ ነው ወይስ በዚህ ዝምታ ውስጥ ማለቷ? ጠይቀሃታል? እኔን ሁለተኛው ይመስለኛል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እጇን የዘረጋችልህ ይመስለኛል፣ የተዘረጋ እጅ ደሞ ብዙ ከቆየ ይዝላል፣ ለዛ ነው ቶሎ መልስ ልስጠው ብዬ የተቀመጥኩት።

አሁን የሽማግሌውን ነገር። ሽማግሌን አቃልዬ የማወራ እንዳይመስልህ፣ እኔ ራሴ ከእናትም ከአባትም ጋር ያደግኩት ሽማግሌ ገብቶ ስላስታረቃቸው ነው። ግን አንተ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው የምትሸጠው አይደል፣ ደንበኛ መጥቶ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ ቢልህ ምን ትለዋለህ? መልሰህ አንሳው ብለህ ብቻ አትሸኘውም፣ ሁለቴ ሶስቴ ከወረደ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፣ መስመሩ ይታይ ነው የምትለው። የክርስትና አባትህና አጎቷ ያደረጉት ብሬከሩን ማንሳት ነው፣ መብራት መጣ፣ ተመሰገነ፣ ተመርቃችሁ ተነሳችሁ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ግን ማንም አላየውም፣ በአንድ ቀን ቁጭታ ደሞ ሊያዩት አይችሉም ነበር። ሽማግሌ የሚጠይቀው ማን ምን አጠፋ፣ ማን ይካስ፣ እንዴት ይታረቁ ነው። ቴራፒስት፣ ማለትም ባለቤትህ ያገኘቻት አይነት ባለሙያ፣ የምትጠይቀው ሌላ ነው፣ እናንተ ሁለታችሁ ስትጣሉ እንዴት ነው የምትጣሉት፣ የቱ ጋ ነው ሁሌ የሚበላሸው። ስለዚህ አንዱ ለሌላው ምትክ አይደለም፣ ሽማግሌ አልፈታውም ማለት አይፈታም ማለትም አይደለም።

በዓይንህ እንድታየው አንድ ነገር ላሳይህ፣ ገምቼ ነው፣ ከሳትኩ ታርመኛለህ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ትገባለህ። እሷ «ዛሬም አመሸህ» ትላለች። አንተ ጆሮህ ላይ የሚደርሰው «አንተ የማትረባ፣ የቤቱን ብር ያጠፋህ» ነው፣ ብሩን ባታነሳውም። ስለዚህ ዝም ትላለህ፣ ጫማህን ታወልቃለህ፣ ቲቪ ትከፍታለህ። እሷ ደሞ ዝምታህን ስታይ የምትሰማው «አሁንም እየደበቅኩሽ ነው፣ ላንቺ መልስ መስጠት አያስፈልግም» ነው፣ ስለዚህ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች፣ አንተ ትነሳለህ፣ ሱቅ። እሷ በገፋች ቁጥር አንተ ትሸሻለህ፣ አንተ በሸሸህ ቁጥር እሷ ትገፋለች፣ በመጨረሻ ሁለታችሁም ደከማችሁና ነገሩን ልጅቷ ላይ ጣላችሁት።

ካውንስሊንግ ክፍል ውስጥ ቢሆን ቴራፒስቷ እዛ «ዛሬም አመሸህ» የምትለው ቃል ላይ ታስቆማችኋለች። «ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም። አመሸህ ስትይው ውስጥሽ ምን ነበር?» ምናልባት ባለቤትህ ትንሽ ቆይታ «ፈርቼ ነበር፣ ደሞ የሆነ ነገር ተፈጥሮ ሳይነግረኝ እየዞረ ይሆናል ብዬ» ትላለች። ከዛ ወደ አንተ ዞራ «አንተስ ዝም ስትል ምን እየሆንክ ነበር?» ትልሃለች፣ አንተም ምናልባት በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «አፍሬ ነው፣ ምን ብዬ ፊቷን ልየው» ትላለህ። ፍርሃትና ሀፍረት ነበር በቃ፣ ቤታችሁን ሰባት ወር ያስጨነቀው። ይሄን ለብቻችሁ መነጋገር የማትችሉት መጥፎ ሰዎች ስለሆናችሁ አይደለም፣ እዛ ነጥብ ላይ ሁሌ አንዳችሁ ስለምትነሱ ነው፣ ሶስተኛ ሰው ካለ ግን ማንም አይነሳም።

የዚህ አይነቱን ቴራፒ፣ ማለትም ከጠቡ ስር ያለውን ስሜት ፈልጎ ማውጣቱን፣ ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ የሚባሉ ባለሙያዎች ካናዳ ውስጥ በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ነው ቅርጽ ያስያዙት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ሴሽን፣ ማለትም ያን ያህል ጊዜ እየሄዱ ከባለሙያዋ ጋር መቀመጥ፣ የሚወስድ ነው። ይሄን የነገርኩህ አንድ ቀን ሄደህ ምንም አልተለወጠም ብለህ ተስፋ እንዳትቆርጥ ነው። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ስትመለሱ ባጃጅ ውስጥ ተኮራርፋችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ የተዳፈነ ነገር ሲነካ ያማል፣ ኖርማል ነው።

ዝምታህን በተመለከተ ደሞ ልወቅስህ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነገር ልንገርህ። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያትል ውስጥ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ አፓርታማ የመሰለ ላብራቶሪ አዘጋጅቶ ባለትዳሮች ሲነጋገሩና ሲከራከሩ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን ሁሉ እየለካ አጥንቷል። ትዳር ከሚጎዱት ነገሮች አራቱን ለይቶ ሲያወጣ ነቀፋ፣ ንቀት፣ ሁሌ ራስን መከላከል፣ አራተኛው ደሞ ያንተው ነው፣ ግድግዳ ሆኖ ዝም ማለት። ዝም ከሚሉት 85 በመቶ ያህሉ ወንዶች ነበሩ። የሚገርመው ግን ዝም ያለው ሰውዬ ውስጡ ዝም አላለም፣ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ100 በላይ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ ሰውነቱ አደጋ ላይ እንዳለ ሰው ሆኗል፣ በዛ ሰዓት ደሞ መስማትም መመለስም አይቻልም፣ ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ሱቅ የምትሄደው ለዛ ይመስለኛል፣ ልብህ ሊፈነዳ ሲል። ባለቤትህ ግን ይሄን አታውቅም፣ እሷ የምታየው ጀርባህን ነው። ካውንስሊንግ ጀመርክም አልጀመርክም ከዛሬ ጀምሮ ልታደርገው የምትችለው ነገር አለ፣ ከመነሳትህ በፊት «ጭንቅ ብሎኛል፣ ግማሽ ሰዓት ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» በላት። ከዛ ተመለስ። መመለሱ ነው ዋናው፣ ሳትመለስ ከቀረህ ባትናገር ይሻል ነበር።

አሁን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ እንዳትቀየመኝ። ሽማግሌ ፊት ይቅርታ ስትላት ለምኑ ነው ይቅርታ ያልካት? ለብሩ ነው? ደብዳቤህ ውስጥ «አልነገርኳትም» የምትለው ቃል ሁለት ጊዜ አለች፣ ቆጠርኳት። ሽማግሌዎቹም አንተም የብሩን ጉዳይ ያወራችሁ ይመስለኛል፣ ወንድሙ ነው፣ ምን ያድርግ፣ ብር ይመጣል ይሄዳል፣ እንደሚባለው። እሷን የሚያማት ግን ባንክ ያለ ሰው፣ ወንድምህ፣ ምናልባት ሚስቱም እያወቁ እሷ ብቻ የቤቷን ነገር ከወረቀት ማንበቧ ቢሆንስ? 460 ሺው ቢተካ እንኳን የሚቀር ነገር ካለ እሱ ነው። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን ይሄ ለመጀመሪያው ሴሽን ይዘኸው የምትሄደው ጥያቄ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ «ከሁሉ በላይ የቱ ነው ያመመሽ» ብለህ እዛው ጠይቃት፣ ስትመልስልህ ደሞ ምክንያትህን ለማስረዳት አትቸኩል፣ እስክትጨርስ ስማት።

ሁለት ሴቶች ሆነው ይፈርዱብኛል ያልከው ይገባኛል፣ ብዙ ወንድ ሳይናገረው የሚፈራው ይሄን ነው። የሰለጠነች ቴራፒስት ዳኛ ሆና አትቀመጥም፣ ለሷ ደንበኛዋ አንተም ሚስትህም ሳትሆኑ ትዳራችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ አብራችሁ ትቀመጣላችሁ፣ እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ምን ነበር የወደዳችሁት ብላ ነው የምትጀምረው፣ ስለዚህ ስለ አሞራ ገደሉ እሁድ ሁሉ ልታወሩ ትችላላችሁ፣ ከዛ ብዙዎቹ አንድ አንድ ጊዜ ለብቻ ያገኟችኋል፣ ከዛ ተመልሳችሁ አብራችሁ ምን ላይ እንደምትሰሩ ትስማማላችሁ። አንድ ሴሽን ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እየሄድክ ወደ እሷ አደላች ብለህ ካሰብክ ሆድህ ውስጥ ይዘህ አትውጣ፣ እዛው ፊት ለፊቷ ተናገር፣ «አሁን ብቻዬን የተከሰስኩ መሰለኝ» በላት፣ ጥሩ ባለሙያ ከሆነች አትቆጣም። ከሶስት አራት ሴሽን በኋላም ካልተመቸህ ሰው መቀየር መብታችሁ ነው።

የወሬው ነገርስ? እውነት ነው፣ ሀዋሳ ጠዋት ፒያሳ ያስነጠስክ እንደሆነ ከሰዓት አቶቴ ይማርህ ይሉሃል። ለዛ ነው ገና ሳትጀምሩ ስልክ ደውለህ ራስህ ብትጠይቃት የምመርጠው። የነገርንሽ ነገር ከክፍሉ ይወጣል ወይ፣ ማስታወሻ ትይዣለሽ፣ ማን ያየዋል፣ ለብቻዬ የነገርኩሽን ለባለቤቴ ትነግሪያታለሽ ወይ፣ ከባልና ሚስት ጋር መስራት ተምረሻል ወይስ ከግለሰብ ጋር ብቻ ነው የምትሰሪው፣ ዋጋው ስንት ነው። ሚስጥር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፣ የሰው ህይወት አደጋ ላይ ሲሆን ካልሆነ በስተቀር። እሷ ካልተመቸችህ ዩኒቨርሲቲው ስር ያለው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ሄደህ ለባልና ሚስት ማን ይሰራል ብለህ ማጠያየቅ ትችላለህ፣ እዛ የሚሄደው «ያበደ» ብቻ ነው የሚለው ነገር አያሳስብህ። ወይ ደሞ አዲስ አበባ ካለ ባለሙያ ጋር በቪዲዮ ኮል ማድረግ ይቻላል፣ ልጆቹን አክስታቸው ጋ አድርጋችሁ፣ አንድ ስልክ ፊት ለፊታችሁ አቁማችሁ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን። ያው ያንተው ሶፋ ላይ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መጠየቅ አለብኝ፣ ለሁሉም ነው የምጠይቀው። በጭቅጭቁ ሰዓት እጅህን አንስተህባት ታውቃለህ? ወይ እንድትፈራህ የሚያደርግ ነገር አለ? ከሌለ እሰየው። ካለ ግን አብሮ መቀመጡ መጀመሪያ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ የምትፈራ ሴት ባሏ አጠገብ ቁጭ ብላ እውነት አትናገርም፣ ከተናገረችም ቤት ስትገባ ትከፍልበታለች፣ እንደዛ ከሆነ መጀመሪያ ለየብቻ ነው እርዳታ የሚያስፈልገው፣ ይሄንንም ለባለሙያዋ ቀድመህ ንገራት።

የማያደርገውንም ልንገርህ እንጂ፣ ተስፋ አብዝቼ ልልክህ አልፈልግም። ካውንስሊንግ ብሩን አይመልስም። አንተ ለቤተሰብህ እምቢ ማለት የማትችል፣ እሷ ለነገ አስባ አንድ ብር የምትቆጥር ሰው ከሆናችሁ እሱም ምናልባት አይለወጥም፣ ጎትማን እንኳን ባለትዳሮች ከሚጣሉባቸው ነገሮች 69 በመቶው እድሜ ልክ አብሯቸው የሚኖር ነው ይላል፣ ደህና የሚኖሩትም ጥንዶች ቢሆኑ ማለት ነው። የሚለወጠው ወንድምህ እንደገና ሲደውል የሚሆነው ነገር ነው፣ ስልኩን ዘግተህ መጀመሪያ የምታወራት ሰው እሷ ትሆናለች ወይ የሚለው። አንዳንድ ጥንዶች ደሞ ሄደው ሄደው ለመለያየት ይወስናሉ፣ ይሄንንም አልደብቅህም። እንደዛ እንኳን ቢሆን ልጆቹ መሀል ላይ ሳይሆኑ ያልቃል።

የልጅቷ ነገር ነው አንጀቴን የበላኝ። 9 አመቷ ነው። «ማሚ እንዲህ ትላለች» ብላ ከጓዳ ሳሎን ስትመላለስ ቃሉን ብቻ አይደለም የምትሸከመው፣ የናቷን ፊት አይታ ላንተ ስትደርስ አለስልሳ ነው የምትናገረው፣ ያንተን መልስ ደሞ እንዲሁ። ልብ ብለህ ስማት እስቲ፣ ታለሰልሰዋለች። ይሄን ስራ ማንም አልሰጣትም፣ ራሷ ነው የያዘችው።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ለመሄድ «እስከ መጨረሻው» ብለህ አትሸከመው፣ አራት ሴሽን ብቻ ሞክሩ፣ ከዛ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትቀጥሉ እንደሆነ ተነጋገሩ። ለባለቤትህ ስትነግራት ማስረዳት አይጠበቅብህም፣ በልጅም በሜሴጅም አይሁን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የመኝታ ቤቱን በር አንኳኳና «ያልሽው ቦታ እሄዳለሁ፣ ፈርቻለሁ ግን እሄዳለሁ» በላት። ካለቀሰች፣ ወይም «አሁን ነው የታየህ» ብላ ከተቆጣች አትደንግጥ፣ ሰባት ወር የተጠራቀመ ነገር ነው፣ ቁምና ስማት። ቀኑን እሷ ትያዝ፣ አንተ የዛን ቀን ሱቁን የሚይዝልህ ሰው ፈልግ፣ በኋላ ስራ በዛብኝ እንዳትል።

እስከዛ ድረስ ደሞ ነገ ጠዋት የጊቢው ቁልፍ ከጠፋብህ ልጅቷን አትላካት። ራስህ ጓዳ ግባና «ቁልፉን አይተሽዋል?» ብለህ ጠይቃት። ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።